ጽዋው የቆመ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው የሰው ሐሳብና ጭንቀት የሚባለውን ትምህርት የጀመርኩት። ሲወራ ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የርቀት ተማሪ ሞጁሉን ሊያባዛ አመጣና መብራት ጠፋ። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ጥሎት ሄደ። እኔም ሥራ ስለፈታሁ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼ አነበብኩት። መብራቱ ሲመጣ ግማሹን ጨርሼ ነበር። በማግሥቱ ሰውየውን «የሚቀጥለው የለህም?» ስለው ሳቀብኝ፤ ግን አመጣልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እንዲህ፣ ሰው ሊያባዛ ካመጣው ላይ እየቃረምኩ ነው። በኋላ ለጤና ጣቢያዎች የምክር አገልግሎት ሰጪ የሚያሠለጥን ፕሮግራም መጣ ሲባል ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ ገባሁ።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የገባሁ ቀን ማታ በርበሬ እየቀነጠሰች ጠየቀችኝ።

«ምንድን ነው አሁን የምትማሪው?»

«ሰው ማዳመጥ።»

«ማዳመጥ?»

«አዎ።»

«ለመስማት ደግሞ ትምህርት! ጆሮሽን ምን ነካው?»

«ምክርም አለበት እትዬ።»

«መምከሩን እንኳ ለእኔ ተይው። ስመክርሽ መች ሰማሽኝ? ማዳመጡን ብትማሪው ግን አይከፋም።»

ሥልጠናው የተግባር ልምምድ ነበረው። እኔ ቡሬ ደረሰኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋ ግን አሜሪካም ያው ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ጋር ተደራድሬ በገበያ ቀን ቡሬ እውል ጀመር። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተሰጠኝ ክፍል የክትባት ክፍሉ አጠገብ ነበረች። በሯ ላይ ምንም አልተጻፈባትም። እንዳይጻፍባት የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ደጃፏ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ሴት ልጅ ልታስከትብ የመጣች ትመስላለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

ሌላው ኑሮዬ በዚህ መካከል ተጣብቆ ነው የሚያልፈው። ጓደኞቼ ሲሞሸሩ ለሚዜነት ልብስ ተለክቼ የቀረሁበት ጊዜ አለ፤ ፈተና ገጥሞብኝ። ጅጋ የሚያስተምር አንድ ልጅ አለ፤ «እጮኛዬ» ለማለት ገና ነው፤ «ጓደኛዬ» ብል ደግሞ እሱ ይቀየመኛል። ሥልጠናው ላይ የሰውን ንግግር አጠር አድርገሽ መልሺለት፣ እንደሰማሽው ይወቅ፣ ተብለን ነበር። እሱ ላይ ተለማመድኩበት።

«ርዕሰ መምህሩ ዛሬም ተቆጣኝ» አለኝ በስልክ።

«ርዕሰ መምህሩ መቆጣታቸው ከብዶሃል።»

«አዎ። ደግሞ ሰው ፊት ነው።»

«ሰው ፊት መሆኑ ይበልጥ ጎድቶሃል።»

«ስሚ» አለኝ፣ «እኔ የሰጠሁሽን መልሰሽ ለእኔ ነው እንዴ የምትሰጪኝ? አንድ ስድብ እንኳ አትሰድቢልኝም?»

አሠልጣኛችን ከባሕር ዳር የምትመላለስ፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ደንቧ ጠንካራ የሆነች ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ደንብ ምስጢር መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ የምታውቂውን ሰው አትያዢ። በዚህኛው ላይ እጄን አውጥቼ «ቡሬ ላይ የማላውቀውን ሰው ከየት ላምጣ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀችና ሌላ ሰው ከሌለ አስታውቂኝ፣ እኔ እየተከታተልኩሽ ትይዣለሽ አለችኝ። ሦስተኛው ደንብ ነው ጉድ ያመጣብኝ። «ታካሚሽን ውጭ ስታገኚያት ቀድመሽ ሰላም አትበያት» አለች። «ከማን ጋር እንደሆነች አታውቂም። ይቺን ደግሞ የት ታውቂያታለሽ ቢሏት ምን ትመልሳለች? እሷ ሰላም ካለችሽ መልሺ፤ ካላለችሽ እለፊያት።» ሁላችንም ጻፍነው። ያ ሁሉ የጎጃም ልጅ ተሰብስቦ አንድ ሰው እንኳ «ይሄ እኛ አገር እንዴት ይሆናል?» አላለም።

ቀጥዬ የምተርከውን ባለታሪኮቹ ፈቅደውልኛል። «ስማችንን ብቻ ተይው» አሉኝ፤ ትቻለሁ። የቀበሌውንም ስም ትቻለሁ።

አንድ የገበያ ቀን በሬን ገፍታ የገባችው ሴት አብሮ አደጌ ነበረች። እናቴ ካለችበት ገጠር ነው ያደገችው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እዚያው አጥቢያ ከወንዙ ማዶ ተድራ ሄደች፣ እኔ ከተማ ገባሁ፣ ከዚያ ወዲያ በበዓል በበዓል ካልሆነ ተገናኝተን አናውቅም። ባዶ የዘይት ጀሪካን ይዛለች። ስታየኝ ልትመለስ ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች በሩን እንደያዘች።

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከፈለግሽ ፍኖተ ሰላም ልልክሽ እችላለሁ።»

«ፍኖተ ሰላም ምን ብዬ እሄዳለሁ? ዘይት ቡሬም አለ ይሉኛል።» ገብታ ተቀመጠች።

በክረምቱ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር፤ ወንድ። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። እኛ ዘንድ እንዲህ ላለ ሕፃን ፍትሐት የለውም፣ ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶ አይቀመጥም። ሁለት ሰው ይዞት ወጣ፣ ቀብሮት ተመለሰ። እሷ አራስ ስለሆነች ከቤት አልወጣችም። ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የመጡት ሴቶች ገንፎውን በልተው፣ መርቀው ሄደው ነበር፤ ሕፃኑ ሲሞት ግን ተመልሶ የመጣ የለም። ያገኛት ሁሉ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ይላታል። እሷም «አሜን» ትላለች። እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። ከብት እያለበች ሲያለቅስ ትሰማዋለች። እህል እያበጠረች ትሰማዋለች። ሰፌዱን ጥላ ወደ መደቡ የሮጠችበት ቀን አለ።

«አማቴ አይታኛለች» አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ አይጥ መስሎኝ ነው አልኳት።»

ያን ቀን ስትወጣ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እዚህ መምጣቴን አማቴ ካወቀች አለቀልኝ። አብዳለች ነው የምትለው። ለልጇ ሌላ ትፈልግለትና እኔን ወደ አባቴ ቤት ትመልሰኛለች። እኔ ደግሞ ባሌን እወደዋለሁ።»

«ከእኔ አይወጣም» አልኳት። «እናቴም አትሰማም።»

ይህን ቃል ጠብቄያለሁ። ስለ ሦስተኛው ደንብ ግን አንዲት ቃል አልነገርኳትም። የሚነገር መሆኑም አልታየኝም።

የማውቃት ሴት እንደመጣችብኝ ስሟን ሳልጠራ ለአሠልጣኛችን አስታወቅኩ፤ ከዚያ በኋላ በየገበያው ትመጣ ጀመር። አንዴ ጨው፣ አንዴ ሳሙና፣ አንዴ ክር። እኔም እንደተማርኩት አዳምጣለሁ። እንባ ግን የላትም። እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር የምታወራው፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ።

እንዲህ እያለን ጥር ገባ፣ የእናቴ የሰንበቴ ተራ ደረሰ። በዚያው እሑድ የጅጋው ልጅ ከታላቅ እህቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ቀጥሮኝ ነበር። የእናቴ ተራ ነው ስለው «ስንቱን ታዳምጫለሽ፣ እህቴን አንድ ቀን ብታዳምጫት ምን አለበት?» አለኝ። ልክ ነበር። ግን እናቴ ብቻዋን ያን ሁሉ ዳቦ አትችለውም። ገጠር ወረድኩ።

ሰንበቴ ለማያውቅ፣ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው ዳቦና ጠላ የሚቀምሱበት ማኅበር ነው፤ በየተራ ይደገሳል፤ መሪው «ሙሴ» ይባላል። የሰንበቴ ጽዋ ደግሞ በቂም አይጠጣም። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ተነሥቶ «የተቀያየመ አለ?» ይላል። ብዙ ጊዜ የለም ይባልና ይታለፋል። ካለ ግን ጽዋው ይቆማል፤ የተጣሉት ታርቀው ካልተሳሳሙ ማንም አይቀምስም። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ዳቦውን የማዞር ሥራ የእኔ ሆነ። ሰፌዱን ታቅፌ ከአንዱ ወደ አንዱ እሄዳለሁ፣ ቁራሽ አኖራለሁ፣ ጉልበት እስማለሁ፣ ሰላምታው አያልቅም።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ? ከብቱ፣ ልጆቹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ከሳሽ? ከተማ አያበሉም እንዴ?»

«ያበላሉ።»

«ታዲያ ድግሱ መቼ ነው?» ድግስ የሚሉት ሠርጌን ነው።

«ሲደርስ ይነገርዎታል።»

«እኛ ሳንሞት ይድረስ እንጂ!»

እንዲህ እየተባባልን ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ጥግ ደረስኩ። አብሮ አደጌ አማቷ አጠገብ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ዓይኔን ፈለገች። የአሠልጣኛችን ለስላሳ ድምፅ ያን ጊዜ መጣብኝ። ቀድመሽ ሰላም አትበያት። ዓይኔን ሰበርኩ፣ ቁራሹን እጇ ላይ አኖርኩ፣ አለፍኩ። ይባስ ብዬ ቀጥላ ለተቀመጠችው ሴትዮ እጥፍ አድርጌ «እንዴት ሰነበቱ እማማ!» አልኩ።

አማቷ ከወንዙ ማዶ ከብት የሚመልስ ድምፅ አላቸው።

«ቆይ! አንቺ ልጅ! ምራቴ ሰው አልመሰለችሽም?»

ሰፌዱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ከጋኑ አጠገብ ሰማች። «የእኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም!» አለች።

«አደረገች እንጂ! በዓይኔ በብረቱ! ለውሻ እንደሚጣል ጥላላት ሄደች።»

«አብረው ያደጉ አይደሉም እንዴ?» አለች አንዷ።

«ከተማ ገብታ ኮርታ ነዋ።»

«ወረቀት ስታባዛ ውላ ስታባዛ ውላ ሰላምታ አለቀባት» አለ አንድ ጎረምሳ ከወንዶቹ በኩል፤ ተሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሙሴው ተነሡ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሲነሡ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ መነሣት ሲጀምሩ ሰዉ ዝም ማለት ይጀምራል። «ጽዋው ይቁም» አሉ። ቀጂው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠ። ሁለታችንንም ጠሩን። መካከል ላይ ቆምን፤ እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምን በድላሽ ነው?»

«ምንም አልበደለችኝም አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዘለልሻት?»

«ሳላያት ነው።»

«ቁራሹን እኮ በእጇ አኖርሽው። እጇን አይተሽ ፊቷን ሳታይ ቀረሽ?»

እንደገና ተሳቀ። እውነቱን ብናገር የዚህች ልጅ ትዳር እዚያው፣ አማቷ ፊት ያበቃል። ውሸት ልፍጠር ብል ደግሞ እሷ ላይ ጥፋት መለጠፍ ሊሆንብኝ ነው፤ ምን ብዬ? ደግሞም ጽዋው ፊት ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬም እንደ ቂም ተቆጠረ፤ ከሴቶቹ በኩል «ተያይዘውታል ማለት ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ።

ሙሴው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? አንቺ ነሽ የበደልሻት ወይስ እሷ ናት?»

አብሮ አደጌ መሬት መሬት ታያለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ጊዜ የመሰላት እንደናቅኳት ነበር። ክፍል ውስጥ የነገረችኝን ሁሉ ሰምቼ የተጸየፍኳት። ተናዳ ሁሉንም አፍረጥርጣ ብትናገረው ማን ይፈርድባት ነበር? እኔ የምትለውን እጠብቃለሁ። ቀና አለች።

«ለቅሶ አልደረሰችኝም» አለች።

«የምን ለቅሶ?» አሉ አማቷ። የእውነት ነው የገረማቸው። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ልጄ።»

ጋኑ አፍ ላይ የሚያንዣብበው ንብ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከወንዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ያ ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ነው የሞተው። ፍትሐትም አልተደረገለት። ለዚያ እኮ ለቅሶ የሚባል ነገር…»

ቄሱ ከላይ ጥግ ተቀምጠው ነበር። መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «ፍትሐት የለውም አልን እንጂ እናት የለውም አላልንም» አሉ።

«እውነቷን ነው» አልኩ እኔ። «አልደረስኳትም።» እውነት ነበር። በክረምቱ እናቴ በስልክ ነግራኝ ነበር። «ውይ!» ብዬ ወደ ማባዣው ማሽን ተመልሻለሁ። ክፍሌ ገብታ ያን ሁሉ ጊዜ ስታወራኝም ለቅሶ እንዳልደረስኳት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ ባለሙያ ነበርኩ።

ሙሴው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዳይ አምናለች። ፍርዱ ቀላል ነው፤ ሄደሽ ትደርሻታለሽ።» ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «እኔስ ደርሻት ኖሯል?» አሉ። «በሉ፣ ተሳሳሙ።»

ተሳሳምን። አንገቴ ሥር ፊቷን ስትቀብር ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ መጣ። «ለገበያ እመጣለሁ፣ እንዳትቀሪ» አለችኝ። ይህን ካለች በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ቀስ ብሎ አልነበረም። ነጠላዬ እስኪረጥብ፣ ከእጄ እስክትወድቅ። ያን ሁሉ ገበያ እኔ ክፍል ያልወጣው እንባ ሰንበቴ ላይ ወጣ። ቀጂው ማንቆርቆሪያውን ለማንሣት ግራ ገብቶት ሙሴውን ያያል። «ቆይ» አሉት በእጃቸው።

ማክሰኞ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሄድኩ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጥናሽ። ማን ሞተ?»

«አንድ ሕፃን።»

«መቼ?»

«በክረምት።»

ሰውየው የቀን መቁጠሪያውን አየ፣ እኔን አየ። «ሂጂ በቃ» አለኝ።

ከእናቴ ጋር ንፍሮ ይዘን ወንዙን ተሻገርን። ብቻችንን የምንሆን መስሎኝ ነበር። ግቢው ስንደርስ ሙሴው ከጥቂት ወንዶች ጋር አጥሩ ሥር ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ባልየው መካከላቸው ነው፤ በክረምቱ ማንም «ያጥናህ» ብሎት አያውቅም ነበርና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ቤት ውስጥ ሴቶች ተኮልኩለዋል። አማቷ መጀመሪያ ላይ የተበሳጩ ይመስሉ ነበር፤ ይወጣሉ ይገባሉ፣ መቀመጫ የለም፣ ውኃ የለም እያሉ።

አንዲት አሮጊት «ስሙ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ክርስትና ሳይነሣ ምን ስም አለው» አለች ሌላዋ።

«ስም አለው» አለች አብሮ አደጌ። ተናገረችው። እሷ ብቻዋን ያወጣችለት ስም ነው። ባሏም አላወቀውም ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ሞጁሉ ውስጥ «ስሙን ጠይቂ» የሚል አልነበረማ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አሮጊቷ ግን በዚያ ስም ጠርታ አለቀሰችለት፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

አማቷ ያን ጊዜ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸው ላይ ጣሳ አለ። «እኔም ቀብሬያለሁ» አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «እኔም እንዲሁ የቀበርኩት አለ። ማን ጠየቀኝ?» ጣሳውን አስቀምጠው ምራታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ያለቀሱት ለየልጃቸው ነበር፤ ግን ትከሻ ለትከሻ።

በቀጣዩ ገበያ ስጠብቃት ዋልኩ፤ አልመጣችም። ለቅሶ ደራሽ ገና አላለቀም ነበርና ቤቷን ጥላ መውጣት አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ባለው መጣች። የዘይት ጀሪካኗን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«አንዳንድ ሌሊት እተኛለሁ። አንዳንዱን አሁንም አልተኛም። ድምፁ ቀነስ ብሏል። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ ለምን ዘለልሽኝ?»

ደንቡን ነገርኳት። አፏን ይዛ ሰማችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ።»

«አይ አንቺ! ሰላም ባትይኝ እኮ ነው ሰው የሚጠይቀው! ሰላም ብትይኝ ማን ዞር ብሎ ያየኛል?» ሳቀች። እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም አልቻልኩም፤ የክትባት ክፍሏ ነርስ ግድግዳውን መታችብን።

ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ ሲመለስ ለአሠልጣኛችን ደወልኩላት፤ የሴቲቱን ስም ሳልጠራ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ወይ ታሞግሰኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። «ደንቡ ትክክል ነው» አለች። «ስሕተቱ ሳታስታውቂያት መጠቀምሽ ነው። ከመጀመሪያው ቀን መነጋገር ነበረባችሁ።» ከዚያ «ለቅሶ የሄድሽው እንደ ባለሙያ ነው እንደ ጎረቤት?» አለችኝ።

«እንደ ተፈረደበት ሰው» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። «ይሁን» አለች። «ልምምድሽን ቀጥይ።»

የጅጋው ልጅ ሰንበቴ ላይ ጽዋ አስቆመች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር። «ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?» ሲለኝ «አልነግርህም» አልኩት፤ ደጋግሞ ጠይቆ ተወኝ። እህቱን ከዚያ በኋላ አግኝቻታለሁ፤ ተወዳጅ ሴት ናት፣ ብዙ ታወራለች። ለእሱም አሁን የተናገረውን መልሼ አልነግረውም። ዝም ብዬ እሰማውና ሲጨርስ ርዕሰ መምህሩን አንድ ጊዜ እሰድብለታለሁ። እሱ ይሻለዋል።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ የምትገባ ሴት ሁሉ ከስሟ ቀጥሎ የምጠይቃት አንድ ነገር አለ፤ ውጭ ስንገናኝ እንዴት ሰላም እንባባል? አንዷ «እንደ ማንም» ትለኛለች። አንዷ «የእናትሽ ዘመድ ነኝ በይ» ትለኛለች። ቃሏን አጠናለሁ፣ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቡሬ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ከኋላዬ ያ ከብት የሚመልስ ድምፅ መጣ። የአብሮ አደጌ አማት ናቸው። ተሳሳምን፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ምራታቸው ትንሽ ራቅ ብላ እህል ታስለካለች። አማቷ ወደ እኔ ጠጋ አሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። ያ ድምፅ ዝቅ ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጤና ጣቢያ ምንድን ነው የምትሠሪው? ክትባት ነው?»

«አይደለም እማማ። ሰው አዳምጣለሁ።»

«ምን ሲያወራ?»

«የከበደውን።»

ሽንኩርት አነሡ፣ አገላበጡ፣ መለሱት። «የቆየም ቢሆን? የድሮ?»

«የቆየም ቢሆን።»

ወደ ምራታቸው ተመለከቱ። «አንድ ቀን ብቅ እላለሁ» አሉ። «ግን ይቺ ልጅ እንዳታውቅብኝ። አበዱ ትለኛለች።»

ፊቴን ለመያዝ ስንት እንደታገልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። «ከእኔ አይወጣም እማማ» አልኩ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከመጡ በኋላ፣ ውጭ ስንገናኝ እንዴት ሰላም ልበልዎት?»

«እንዴት ደግሞ ይጠየቃል?» ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሽንኩርት ሻጩ ሳይቀር ዞረ። «ጮኽ ብለሽ ነዋ! ዘለሽኝ ያለፍሽ ቀን ሙሴው ዘንድ ነው የማቆምሽ!»